የአስፋልቱ ጻድቅ

ሰኞ፣ ጁን 8፣ 1998

ይህን ደብተር የገዛሁት ለፊዚዮሎጂ ትምህርቴ ነበር። መምህሩ ግን ደብተር ላይ የሚሰፍር ነገር የሚናገር ሰው አይደለም። ማንበብ የማንችል ይመስል መጽሐፉን ያነብልናል። ስለዚህ ደብተሩ ለኔ ሆነ።

ሥራዬ ዳላስ አጠገብ፣ ሪቻርድሰን ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ቤቴ ሌዊስቪል። መኪና ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቆልፌ ቤት ስደርስ፣ ይርጉ ለሌሊት ፈረቃ ወደ መጋዘኑ ሊወጣ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ባልና ሚስት መሆናችን ቀርቶ ዘብ የምንለዋወጥ ወታደሮች ሆነናል። እሱ ሲወጣ እኔ የምረከበው አባቱን ነው።

አባባ ኃይለ መስቀል ከመጡ ሦስት ወር ሆናቸው። የሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ ይቀመጣሉ፣ አሁን ተነስ እንደሚባል ሰው። ውኃ ልስጥዎ? «ተይ ልጄ፣ አትቸገሪ።» ምሳ በሉ? «ጠግቤያለሁ።» አንድ ቀን የአየር ማቀዝቀዣውን ሳላስበው አጥፍቼው ሄጄ፣ ስመለስ ቤቱ እቶን ሆኖ፣ እሳቸው በላብ ተጠምቀው አገኘኋቸው። «ደህና ነው፣ ተመስገን» አሉኝ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ሳይፈልጉ መኖር ይቻላል? ሰው ትሕትና ይለዋል። እኔ ስንፍና እለዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 10

ዛሬ የቆዳ ምዕራፍ ጀመርን። ከቆዳችን ሥር ያለው ነገር ለካ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ዴስክ ብቻ ይጠብቃል። ማይስነር የሚባለው ለስስ ንክኪ ነው። ፓቺኒ ጠለቅ ብሎ ተቀምጦ ንዝረት ብቻ ያዳምጣል። ሩፊኒ ቆዳ ሲለጠጥ ነው የሚነቃው። ሁሉም የአንድ ፈረንጅ ስም ተሸክመዋል። ሕመምን የሚሰማው ግን ስምም ልብስም የለው፤ እርቃኑን የቀረ የነርቭ ጫፍ ነው። ንክኪን የሚሰሙት ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ጠዋት የለበስነው ሸሚዝ ቀኑን ሙሉ የማይታወቀን ለዚህ ነው አለ መምህሩ። ሕመም ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰለችም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ዙሌይካ የምትባል የሐረር ልጅ ናት፤ ኤርፖርት ትሠራለች። እያንዳንዷን ቃል ትጽፋለች። መምህሩ ቢያስነጥስ እሱንም ትጽፋለች። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ሰባ አንድ አገኘች።

ሐሙስ፣ ጁን 18

ይርጉ ለምኖኝ ዛሬ አባቱን ክሊኒካችን ወሰድኳቸው። ስኳር አለባቸው፤ ከመጡ ጀምሮ አልታዩም።

ነጠላቸውን ደርበው፣ ቆብ አድርገው መጡ። እንግዳ የምትቀበለውን ልጅ፣ ጽዳት የምትሠራውን ሴትዮ፣ ደም ሊያስወጋ የተቀመጠውን ጎረምሳ ሁሉ ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ እጅ ነሱ። የሥራ ባልደረቦቼ ሲተያዩ አየሁ። ዶክተር ፒተርሰን «እንዴት ናቸው?» ሲል አባባ ከአባቱ ጤና ጀምረው እስከ አገሩ ሰላም ድረስ መረቁት። «ደህና ነኝ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ሁልጊዜ የምተረጉመው እንደዚያ ነው። በመካከሉ የሚባክን ነገር የለም።

የእግር ምርመራውን የማደርገው እኔ ነኝ። መያዣ ላይ የተሰካች ቀጭን የናይለን ክር አለች። እስክትጎብጥ ድረስ ውስጥ እግር ላይ አሥር ቦታ ትጫናለች። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በተሰማው ቁጥር አዎ ይላል። ኃላፊዬ ስታሠለጥነን «እናንተ ምንም አትናገሩ፤ እሱ እስኪናገር ጠብቁ» የምትለውን ለመዋዕለ ሕፃናት እንደሚነገር ደጋግማ ነው የነገረችን። የኛን ሽማግሌዎች የት ታውቃለችና! የኛ ሽማግሌ ካልጠየቁት አይናገርም። እንዳለችው ብጠብቅ ገና እዚያው በተቀመጥኩ ነበር። ከውጭ ደግሞ ሦስት ሰው ይጠብቀኛል።

ስለዚህ ክሯን ባሳረፍኩ ቁጥር «አሁንስ፣ አባባ?» እላለሁ። እሳቸው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እህ» ይላሉ። በመጀመሪያው «እህ» ዶክተሩ ደንግጦ «አመማቸው እንዴ?» አለ። እንዲህ ነው አዎ የምንለው ብዬ አስረዳሁት። ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ ኖሬ አሁንም አስረጂ ነኝ።

ሁለቱም እግር፣ አሥር ከአሥር። ፈረምኩ። አራት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፤ ሌሎቹ አሥር ይፈጅባቸዋል።

መኪና ውስጥ «አሳፈርኩሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ስለ ነጠላው መስሎኝ «ኧረ ምርመራውን አለፉ እኮ፣ ምን አሳፈሩኝ» አልኳቸው። «ተመስገን» አሉና እስከ ቤት ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 14

መቶ አምስት ዲግሪ ፋራናይት። ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። የመኪናዬ መሪ አይያዝም። ክሊኒኩ በተዝለፈለፈ ሰው ተሞልቷል። አላጠናሁም። አባባ በዚህ ፀሐይ የፖስታ ሳጥኑ ድረስ በነጠላ ጫማ እየሄዱ፣ ማንም የማይልክላቸውን ደብዳቤ አይተው ይመለሳሉ። ይቅርብዎ ብላቸው «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይላሉ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 22

ፈተናው ሰኞ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው። ሙቀት አርባ ሦስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሙቀትነቱ ቀርቶ ሕመም ይሆናል። ሕመም ሁለት መልእክተኛ አለው። አንደኛው ፈጣን ነው፣ እንደ መርፌ ወጋ አድርጎ ያልፋል። ሁለተኛው ዘገምተኛ፣ ኋላ መጥቶ የሚያቃጥልና የማይሄድ ነው፣ እንደ እትዬ አባይነሽ። እግር የጋለ ነገር ሲረግጥ የሚነሳው አእምሮ ከመስማቱ በፊት ነው፤ ትእዛዙ የሚሰጠው እዚያው አከርካሪ ውስጥ ነው፤ ሪፍሌክስ ይሉታል።

እትዬ አባይነሽ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አለቃ ናት። የዳላስ ሐበሻ ምስጢር ሁሉ እሷ ጋ ተቀምጧል፤ መዝጊያ የለውም እንጂ።

እሑድ፣ ጁላይ 26

ሐምሌ ገብርኤል። ይርጉ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ስለተኛ አባባን ማድረስ ለኔ ወደቀ። ማድረስ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን የተከራየነው አዳራሽ ነው፤ ግቢው ዙሪያውን የመኪና ማቆሚያ አስፋልት። ታቦቱ የወጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ለካህናቱ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሕዝቡ ከታቦት ፊት ነውና ጫማውን አወለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ሁሉም እንደሚቆላ ሽንብራ ይዘል ጀመር። አንዱ ነጠላውን አጥፎ ይረግጣል፣ አንዷ የሰው ጫማ ላይ ትወጣለች፣ ወጣቶቹ ሣሩ ላይ ሮጡ። እምነታቸው እስከ ውስጥ እግራቸው ድረስ ነው። እኔማ ከመጀመሪያውም መኪናው ጥላ ሥር ነበርኩ።

አባባ አልተነሱም። ባዶ እግራቸውን፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ታቦቱ ሦስት ጊዜ ዞሮ እስኪገባ ንቅንቅ አላሉም። እትዬ አባይነሽ መጀመሪያ ያየቻቸው ናት። «እዩ! እዩ! ለቂርቆስና ለኢየሉጣ የፈላውን ጋን ያበረደ ገብርኤል፣ ለሳቸው አስፋልቱን አበረደላቸው!» እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሰው ጉልበታቸውን ሊስም ተሰለፈ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው «ምነው፣ ምነው ልጆቼ?» ይላሉ።

እኔ ለታይታ ነው አልኩ በሆዴ። ቤት ውስጥ ውኃ ለመጠየቅ የሚያፍሩ ሰውዬ፣ መቶ ሰው ሲያያቸው ጻድቅ ሆኑ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 30

በሦስት መኪና ሰው መጥቶ ነበር። የማላውቃቸው። አንዷ ልጇ ትምህርት እንዲገባው፣ አንዱ ለግሪን ካርዱ እንዲጸልዩለት። ሳሎኔ ጠበል ቦታ ሆነ። አባባ «እኔ ምን አቅም አለኝ» እያሉ ይለምናሉ፣ እነሱ ደግሞ ይሄንኑ ትሕትና ብለው ይብስባቸዋል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ሻይ ሳፈላ አመሸሁ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 1

ምንጣፉ ይሸታል። የአፓርትመንቱ ማኔጀር ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ «ሙቀቱ ነው» አለችኝ። ቆሻሻውን አወጣሁ፣ ፍሪጁን አጠብኩ። አልጠፋም።

አባባ ካልሲ ማድረግ ጀምረዋል፣ በዚህ ሙቀት፣ ሲተኙም። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብተው በራቸውን ቆልፈው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፤ እኔ ሥራ ይረፍድብኛል። ካልሲያቸውን ራሳቸው ነው የሚያጥቡት። ስጡኝ ማሽን ውስጥ ልክተተው ብላቸው እንደ ሙሽራ አፈሩ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 5

ዘጠና ስድስት! ከክፍሉ አንደኛ። ዙሌይካ ሰባ ስምንት።

ውጤታችንን ይዘን ካፍቴሪያ ተቀመጥን። እንድትስቅ ብዬ የአስፋልቱን ተአምር ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ምሥራቅ፣ ማለቴ፣ ሰውዬው እግራቸውን ያላነሱት እንዴት ነው?»

«ጸሎት ላይ ነበሩ።»

«ኖ፣ ሪፍሌክስ እኮ ጸሎት እስኪያልቅ አይጠብቅም። አሁን አይደል የተፈተንነው? ስኳር አለባቸው?»

«አለባቸው። ግን እግራቸው ቼክ ተደርጓል። አሥር ከአሥር።»

«ማነው ቼክ ያደረጋቸው?»

«እኔ ነኛ!»

«ኦኬ» አለች። ከዚያ ሳንድዊቿን መጠቅለል ጀመረች። ሰባ ስምንት ይዛ እኔን ታስተምረኛለች።

ለማንኛውም ማታ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ እግርዎን ያምዎታል?» «ኧረ በፍጹም፣ ልጄ። አንድም ቀን አላመመኝ» አሉ። በቃ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 8

ድንገተኛ ክፍል። ወንበር ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ትኩሳት ይዟቸው አገኘኋቸው። እኔን «እማዬ» ይሉኛል። ካልሲው አልወጣ አለኝ፤ በመቀስ ቀደድኩት። ከሥሩ ያለውን አልጽፈውም። ክሊኒክ ስድስት ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ አላየሁም። በሶፍት እየጠቀለሉ፣ ላስቲክ ከረጢት እያደረጉ ነበር የሚራመዱት። ሽታው ከምንጣፉ አልነበረም።

ይርጉ መጣ። ሥራ ልብሱን አላወለቀም። «ምንድነው? ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። አላውቅም አልኩ።

ሰኞ፣ ኦገስት 10

የግራ እግራቸውን ሊያተርፉት ይሞክራሉ። የቀኙን ከግማሽ ላይ ቆረጡት።

እትዬ አባይነሽ ኮሪደሩ ላይ «ሰይጣን በጽድቃቸው ቀንቶ ነው» እያለች ሴቶቹን ታጽናናለች። ሰዉ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉልበታቸውን ሲስም ከረመ፤ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ያየ አንድ ሰው የለም። እነሱን ሳይ ያስጠላኝ ነበር። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ፤ እንዲያውም እኔ አንድ ቤት አብሬያቸው የምኖር ነኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 13

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ቀዶ ሐኪሟ ከክሊኒካችን የተላከውን ወረቀት ይዛ መጣች። ይርጉ ቡና ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። የበሽተኛው ስኳር እግራቸውን ይህን ያህል ካደነዘዘው ዓመታት ሆኖታል አለች፤ በጁን ወር ደግሞ አሥር ከአሥር ተጽፏል። ያንን ምርመራ ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራው በሽተኛውን ጠይቂልኝ አለችኝ። ፊርማው የኔ መሆኑን አታውቅም። ለሷ ምራታቸውና አስተርጓሚ ነኝ።

ጥያቄውን ነገርኳቸው። ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አላነሳሁም፤ አዩኝ።

አባባ ትራሱ ላይ ቀና አሉ። «ልጅቱ አልተሳሳተችም በያት» አሉ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። አገሬ ሳለሁ ጀምሮ ከቁርጭምጭሚቴ በታች እግር ያለኝ መሆኑን የማውቀው በዓይኔ ሳየው ነው። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ተሰማኝ አልኩ። በሰው ፊት ልጄን እንዳላሳፍር ብዬ ነው። ኋላም ውኃ ሲቋጥር አይቼ ነበር፤ ስላላመመኝ ቀላል መሰለኝ። ሰዉ ደግሞ ያን ሁሉ ስም አወጣልኝ፤ እንዴት ብዬ ላሳይ? ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሐኪሟን እያዩ ለኔ «አሁንስ፣ አሁንስ ያልሽኝን አትንገሪያት» አሉ።

ያወቁት በድምፄ ነበር። ክሯ ስታርፍ አይደለም «እህ» ያሉት፣ አፌ ሲከፈት ነው። መጥፎ ተማሪን መልሱን እየነገሩ መፈተን ይሉሃል ይሄ ነው።

ተረጎምኩ። እያንዳንዷን ቃል፣ ምንም ሳላስቀር፣ የመጨረሻዋን ብቻ ትቼ። ከመጡ ጀምሮ እሳቸውን በትክክል ስተረጉም የመጀመሪያዬ ነው፤ የተረጎምኩት ደግሞ ውሸት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፣ ትከሻቸውን ነካ አደረገች፣ ጻፈች፣ ወጣች።

ስንቀው የኖርኩትን ሰው ሁሉ ቆጠርኩ። መምህሩን፣ ኃላፊዬን፣ ዙሌይካን፣ አባይነሽን፣ እሳቸውን። ከመካከላቸው እንደኔ ያለ ወራዳ የለም።

ዓርብ፣ ኦገስት 14

ከሥራ በፊት ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሟን ፈልጌ ፊርማው የኔ ነው አልኳት። እየጠየቅሁ ነው የመረመርኳቸው አልኳት። ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ጻፈች። ለኃላፊዬም ነገርኩ። ክሯን ከኪሴ አስወጥታ ተቀበለችኝ፤ የእግር ምርመራ አልሠራም ከእንግዲህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለይርጉ አልነገርኩም። አባባ «ለሱ ተይው፣ እኔና አንቺ ጨርሰናል» ብለውኛል። ምቹ ነው። እሳቸው የሚሰጡኝ ምክር ሁሉ ለኔ ይመቻል።

ሰኞ፣ ኦገስት 17

ነገርኩት። ጠዋት ከሥራ ሲገባ፣ ወጥ ቤት ቆመን። ምርመራውን፣ ፊርማዬን፣ ዙሌይካ የነገረችኝን፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መቆየቴን። ይጮኻል ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ይሸትሽ ነበር?»

«ይሸተኝ ነበር።»

ጃኬቱን መልሶ ለብሶ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

እሑድ፣ ኦገስት 23

አባባ ዓርብ ወጡ። አልጋቸውን ሳሎን ዘረጋን።

ይርጉ ፋሻቸውን የሚቀይረው ራሱ ነው። ከሆስፒታል የሰጡትን ወረቀት አጠገቡ ዘርግቶ፣ እንደ ተማሪ በጣቱ እየተከተለ። ክሊኒክ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራሁት እኔ እዚሁ ቤት ነኝ፤ አንድም ነገር አይጠይቀኝም። ቀና ብሎ ካየኝ ስድስት ቀን ሆነው።

ዛሬ ሲጠቀልል በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አጥብቆታል። ግራው እግር ነው፣ የተረፈው። ጣቶቹ መንጣት ጀምረዋል።

«ይርጉ፣ ጠብቋል» አልኩት።

እጁ ቆመ። ወደኔ ሳይዞር አባቱን «ጠበቀ እንዴ፣ አባባ?» አላቸው።

«ኧረ አልጠበቀም፣ ልጄ። ጥሩ አድርገህ ነው ያሰርከው» አሉ።

ይርጉ ፋሻውን እንደያዘ ቀረ፣ አንዴ እግሩን አንዴ የአባቱን ፊት እያየ። ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክሁና ጣቴን ከፋሻው ሥር ለማስገባት ሞከርኩ። አልገባም። እሱ እጁን አነሳ። ሳልጠይቃቸው ፈታሁትና እንደገና ጠቀለልኩት።